የዘጠኝ ዓመት የማማ ልምድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናዘዝ። ግማሹ የኔ ነው። ሌላው ግማሽ የአማርኛ ነው። አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ሰጥቶ ዝም የሚል ቋንቋ ሰውን ለጉድ ይዳርጋል፤ እኔን ዳርጎኛል። ይህን የምለው ለማማረር አይመስላችሁ። የማማርር ብሆን ኖሮ ገና በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዙን አጣጥፌ ቤቴ እገባ ነበር።

የምኖረው ከሮቢት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አባቴ ማሽላ በሚያርስበት ነው። እኛ ቆላ ማሽላ ዘርቶ ማጨድ ብቻ የለም፤ በመካከሉ ወፍ የሚባል ግብር ሰብሳቢ አለ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳው ከዞብል ተራራ በኩል ደመና ሠርቶ ይመጣል። ስለዚህ ማሳው መካከል አራት እንጨት ይተከላል፣ ከላዩ ይረበረባል፣ መሰላል ይደገፍለታል፣ ከዚያ አንድ ሰው ወንጭፉንና ድንጋዩን ይዞ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል። ይሄ ነው ማማ። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ በየመኸሩ ማማ ላይ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣም፣ ማማ ላይ ወጣሁ። ሥራ ፈለግሁ፣ አጣሁ፣ ማማ ላይ ወጣሁ። ወንድሜ ከተማ ገባ፣ እናቴ ገበያውን ያዘች፣ እኔ ማማ ላይ ወጣሁ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሞላኝ።

እዚያ ላይ ሆኜ የማየው ወፍ ብቻ አልነበረም። አንዳንድ ቀን እጅግ ከፍ ብሎ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየጎተተ ያልፋል። ያን ጊዜ ወንጭፌን አስቀምጬ እስኪጠፋ አየዋለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ጎበዝ የሆነ ወፍ አንድ ራስ ማሽላ ይበላል። ከነዚያ አውሮፕላኖች ጋር መሬት ላይ ሆኖ የሚነጋገር፣ «አንተ ቆይ፣ አንተ ና» የሚል ሰው እንዳለ የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። መጮህ እንደሆነ እችላለሁ፣ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥም እችላለሁ። ይሄ ሥራ የኔ ነው አልኩ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ መጣ። ቆቦ ላይ የበጎ ፈቃድ የአቪዬሽን ካዴት ፕሮግራም ሊጀመር ነው። ጀማሪ ካዴት ሁለት ወር ይሠለጥናል፤ በየቀኑ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ከዚያ ይፈተናል። ያለፈ አንደኛ ደረጃ ካዴት ይሆናል፣ አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ደግሞ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ትምህርት ቤት እንዲፈተን የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ዕድሜ፦ ከሃያ አምስት በታች። እኔ ሃያ አምስት ልሞላ አምስት ወር ቀርቶኛል። ይቺ ካመለጠች አመለጠች ማለት ነው።

አባቴን ማታ እግሩን ሲታጠብ ጠበቅሁት።

«አባዬ፣ አውሮፕላን ልማር ነው።»

«ይሁን» አለ። «ወፉስ?»

ችግሩ እሱ ነበር። ሁለቱ ወር የወፍ ወራት ነው። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ መሰላል አይወድም፣ ወንጭፍ ከጣለ ዘመን ሆኖታል። ዝም ብሎ እግሩን አደረቀ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታ የተማርኩት ከሱ ስለሆነ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም ነበር።

«ላንድ መኸር እኔ እወጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ካላለፍሽ ግን ለከርሞ ይሄን ወሬ እንዳልሰማ።»

እጁን ስሜ ስልኬን አነሳሁ። ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፎርሙ የሚሞላው በስልክ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ከዚያ ቀጥሎ «በማማ ላይ የሥራ ልምድ አለዎት? ካለዎት ስንት ዓመት?» ይላል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እስከዛሬ የሞላሁት ፎርም ሁሉ የሌለኝን ነገር ሲጠይቀኝ ኖሮ፣ ይኸው አንድ ፎርም ያለኝን ጠየቀኝ! «አለኝ፣ 9 ዓመት» ብዬ ሞላሁ። «በአንድ ጊዜ የተቆጣጠሩት ከፍተኛ የበራሪ ብዛት?» ይላል። «አይቆጠርም። አንዳንድ ቀን ሰማዩ ይጠቁራል» አልኩ። «ዋና የመገናኛ ዘዴዎ?» ሲለኝ «ድምፅ» አልኩ። «በሥራ ላይ አደጋ አጋጥሞዎት ያውቃል?» ሲል ደግሞ፣ እኔ መዋሸት አልወድም፣ «አንድ ጊዜ። መሰላሉ ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን እናንተ ትስቃላችሁ። እስቲ በኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። አቪዬሽን ማለት የሚበር ነገር ጉዳይ ነው። ወፍ ይበራል። ማማ ማለት ደግሞ ማማ ነው፤ ሌላ ማማ እንዳለ ማን ነገረኝ? አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መስታወት የለበሰ ረጅም ሕንጻ ቆሞ፣ እሱንም «የመቆጣጠሪያ ማማ» ብለው እንደሚጠሩት፣ ፎርሙም ለአሠልጣኝና ለሠልጣኝ አንድ ዓይነት እንደሆነ የሰማሁት ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣልኝ። «ክብርት ባለሙያ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፣ ትከሻው ላይ ማዕረግ የሚያርፍበት ማሠሪያ ያለው። ቆቦ ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶ አያውቅም።

«የምን ጥበቃ ነሽ?» አለኝ እየለካኝ።

«የአየር።»

«አየር ደግሞ ማን ይሰርቃል?» ብሎ ሰፋልኝ። ማሠሪያውን ትከሻዬ ላይ ማድረግ ሲገባው ክንዴ ላይ አወረደው። ፈትቶ እንዲሰፋው ብለምነው «እንዲያውም ያምርብሻል» ብሎ ወደ መተኮሱ ገባ። ለብሼው ሮቢት መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከሩቅ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጥግ ያዘ፣ ቆመ፣ መንጃ ፈቃዱን በመስኮት ዘረጋልኝ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ካዴት ነኝ!»

«ካዴትም ብትሆኚ ሕግ ነሽ» አለና ቆቦ ድረስ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ ቀበቶውን እያሳየኝ ነበር።

ሥልጠናው የሚሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። አሠልጣኛችን አቶ ካሳሁን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ቆቦ የተመለሱ፣ ሱሪያቸው በዚያ ሙቀት እንኳ መስመሩን የማይለቅ ሰው ናቸው። ንግግራቸው ሁሉ የሬዲዮ ነው። ፊት ለፊት ቆመው እንኳ «ይሰማል?» ይላሉ፣ ሲጨርሱም «ጨርሻለሁ» ይላሉ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ «አንድ ሻይ፣ ስኳር ይቀነስ፣ ጨርሻለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የገባሁ ቀን ሁሉንም አስቆሙና እኔን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አሥራ አራት ካዴቶች ነን። ከኔ በቀር ሁሉም የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪዎች ናቸው። አቶ ካሳሁን «ባልደረባዬ» ይሉኛል፤ «እርስዎ» ይሉኛል። ሰልፍ ላይ «ወደ ኋላ ዙር!» ሲሉ እኔ ብቻ በተቃራኒው ዞሬ ከኋላዬ ካለው ልጅ ጋር አፍንጫ ላፍንጫ ስንጋጠም እንኳ አልተቆጡም። «የማማ ሰው ሰልፍ ይረሳል፤ ልማድ ነው» ብለው ለልጆቹ አስረዱልኝ። እኔም አቤት የዚህ ሰውዬ ማስተዋል፣ ማማ ላይ የቆመ ሰው እግሩ እንደሚደነዝዝ እንኳ ያውቃሉ እያልኩ አደነቅኋቸው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ «ዛሬ ባልደረባዬ ስለ ማማ ሥራ ገለጻ ያደርጉልናል፤ ይሰማል?» አሉ።

ተነሣሁ። አንድም ፍርሃት አልተሰማኝም። በሕይወቴ አውቃለሁ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

«መጀመሪያ ነፋስ ነው» አልኩ። «ነፋሱ ከየት እንደሆነ ሳታውቁ ማማ አትወጡም። የሚበር ነገር ሁሉ የነፋስ ባሪያ ነው።»

«ትክክል!» አሉ አቶ ካሳሁን። ልጆቹ ጻፉ።

«ሁለተኛ ፀሐይ ናት። ጠዋት ከዞብል በኩል ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ የሚመጣውም በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ በጆሯችሁም ጭምር ጠብቁ።»

«ትክክል! ትክክል!»

«ሦስተኛ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይመጣል። ለአንድ አፍታ ካሸለባችሁ የሰው ሀብት ይወድማል።»

አቶ ካሳሁን መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰው ሕይወትም» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሰብሰብ ብሎ።

«የሰው ሕይወትም» አልኩ፤ ያጋነኑት ቢመስለኝም ሽማግሌ አይታረምም ብዬ ነው።

እዚህ ላይ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ባልደረባቸው ነበርኩ። ፊት ያለች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ሁለቱ በአንድ ጊዜ ማረፍ ቢፈልጉ ማንን ታስቀድሚያለሽ?»

«ማረፍ?» አልኩ። ልጅቷ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታስባለች? «ማረፍማ አይፈቀድም! እኔ ማማ ላይ ካለሁ ማንም አያርፍም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓይኔ እያየ አንድም አላረፈብኝም!»

አቶ ካሳሁን ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ነዳጅ ቢጨርሱስ?» አለች ልጅቷ። ነዳጅ ስትል ትንሽ ደነገጥኩ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ታዲያ… የት ይሄዳሉ?» አሉ አቶ ካሳሁን ቀስ ብለው።

«ወደ ጎረቤታችን፣ ወደ ጋሽ እንድሪስ ማሳ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «እህቴ፣ ማማው ላይ በእጅዎ የሚይዙት መሣሪያ ምንድን ነው? ይሰማል?»

«ወንጭፍ» አልኩ።

ሳቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደጨረሰ አላውቅም። አንዱ ልጅ ከወንበር ወደቀ። የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች በመስኮት መጡ። እኔ ጠመኔ ይዤ ክው ብዬ ቀረሁ። ልጆቹ ሲስቁ አልከፋኝም፤ የከፋኝ የአቶ ካሳሁን ፊት ነው። ለካ ለዋናው ቢሮ «ቆቦ ላይ የዘጠኝ ዓመት የማማ ባለሙያ ተገኝታለች» ብለው ጽፈው፣ ገምጋሚ መጥታ እንድታየኝ ጋብዘው ኖሯል።

«ስሜን አጠፋሽው» አሉኝ፣ ሰው ከወጣ በኋላ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረድኩት በዚያች ደቂቃ ነው። «ከዝርዝሩ ወጥተሻል። ጨርሻለሁ።»

ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ ገና ማማ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ አሁንም «ሃይ! ሃይ!» ይላል። የወረወረው ድንጋይ ከወፉ ይልቅ የጋሽ እንድሪስን ጀሪካን ነው የሚያገኘው፤ በሁለት ሳምንት ሦስት ጀሪካን ጨርሷል። ማሳችንን ዞርኩት። በዞብል በኩል ያለው ጥግ ተበልቶ ባዶ አገዳ ሆኗል። እኔ ብሆን ያቺን ጥግ አላስነካም ነበር። ቆሜ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ እንባዬን ጠርጌ «ተባረርኩ» ልለው ወደ ማማው ሄድኩ።

«እንዴት ነው ትምህርቱ?» አለኝ ከላይ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። መዋሸት አልወድም ብያችኋለሁ፤ ይቺን አንዷን ግን ዋሸሁ።

ስለዚህ እውነት ማድረግ ነበረብኝ። ሰኞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆቦ ሄድኩ። አቶ ካሳሁን «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ። «መማር» አልኩ። በሩን ዘጉት። በመስኮት ተማርኩ። ማክሰኞም እንዲሁ። ልጆቹ «እትዬ ወንጭፍ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ አቤት አልኩ። ረቡዕ ነፋሱ አቧራ እያነሣ ፊቴን ሲሞላው፣ ለሰልፍ ሲወጡ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ተሰለፍኩ። «ከሰልፉ ውጪ!» አሉኝ። ወይ ፍንክች! ሐሙስ ከኔ ቀድመው እሳቸው ደከሙ።

«ያንቺ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት ውሸት አይደለም። ማማ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱም አለኝ። እርስዎ ያሰቡት ማማ ባይሆን የኔ ጥፋት አይደለም።»

«ከጀማሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ትቆሚያለሽ» አሉ። «ፈተናው ላይ ከወደቅሽ ግን ቆቦ ውስጥ እንዳላይሽ። ይሰማል?»

«ይሰማል» አልኩ።

የማዕረጉ ፈተና ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የጽሑፍ፤ እሱን ወገቤን ታጥቄ አጠናሁት። ሁለተኛው የተግባር ነው። አውሮፕላን ስለሌለን ስድስት ካዴቶች አውሮፕላን ይሆናሉ፤ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው የኳስ ሜዳውን ይዞራሉ። ተፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ጠረጴዛው ማማ ነው። በኖራ የተሠመረው መስመር ደግሞ ማረፊያው ነው። አንድ በአንድ ፈቃድ እየሰጠ ሳይጋጩ ማሳረፍ አለበት። ማሳረፍ! ዘጠኝ ዓመት ክንፍ ያለው ነገር ሲቀርብ እጄ ወደ ድንጋይ የሚሄድ ሰው፣ አሁን «ና፣ እረፍ» ልበል? በልምምድ ላይ ቀጭኗ ልጅ እየዞረች ስትመጣብኝ ሳላስበው «ሃይ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ልጅቷ አጥር ዘላ አመለጠች።

ስለዚህ ቤት መለማመድ ያዝኩ። ግን በማን? አባቴ ማታ ከማማው ሲወርድ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ክንፍህን ዘርጋ።»

«ምኔን?»

አስረዳሁት። ዘረጋ። የግራው ወጣ፣ የቀኙ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ይሄኛው አይነሣም» አለ። «ወንጭፉ ጨርሶታል።»

«እንግዲያውስ ችግር የገጠመው አውሮፕላን ነህ፤ ቅድሚያ ይሰጥሃል» አልኩ። አባቴ አውድማውን በአንድ ክንፍ እያነከሰ ዞረና «ማማ፣ ሮቢት አንድ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ልረፍ ወይ?» አለኝ። «ሮቢት አንድ፣ እረፍ» አልኩት። ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ለሁለተኛ ዙር ብለምነው አልነሣም አለ።

ጋሽ እንድሪስ አጥር ላይ ተደግፎ ሁሉንም ያይ ነበር። «አጃኢብ!» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ማግስቱን መጣ። «ዘጠኝ ዓመት ወፍ ስትነጂብኝ ኖረሽ፣ አባትሽ ጀሪካኔን ጨረሰ፤ አሁን ደግሞ እኔን አብርሪኝና ይለቅላችሁ» አለ። ሰፊ ሰው ስለሆነ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አደረግሁት፣ መጠሪያው ጎብዬ ሁለት። ወላሂ እንዲህ ሥርዓት ያለው አውሮፕላን አላየሁም፤ ካልፈቀድኩለት እስኪያልበው ይዞራል። በነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ ነው ማሳረፍ የተማርኩት።

የፈተናው ቀን ገምጋሟ መጡ። ወይዘሮ ትዕግሥት ይባላሉ። ብዙ የማይስቁ፣ ማኅደር የያዙ፣ ከወልድያ በመኪና የመጡ ሴት ናቸው። አቶ ካሳሁን የተኮሱት ሱሪ ላይ ላባቸው ይንጠባጠብ ነበር። ጽሑፉን ጠዋት ተፈተንን። ከሰዓት ተራዬ ደርሶ ጠረጴዛ ላይ ስወጣ ልጆቹ «እትዬ ወንጭፍ!» ብለው አጨበጨቡ። ገምጋሟ ቀና ብለው አዩኝ፤ የወሬዋ ሴትዮ እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባቸው።

ስድስቱ ተነሡ። «ማማ፣ ዋጃ ሦስት ነኝ፣ ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ።» ፈቀድኩ፤ አረፈ። ሁለተኛዋን ፈቀድኩ፤ አረፈች። እጄ ወደ ድንጋይ አልሄደም። ሦስተኛው መስመሩን ሲይዝ ጉንጬ ላይ ነፋሱ ሲዞር ተሰማኝ። ሳላይ አወቅሁት፤ በዞብል በኩል አውሎ ነፋስ አቧራ እያዞረ ወደ ሜዳው እየመጣ ነው። አንዴ ከደረሰ ማንም ማንንም አያይም፣ አራቱም መስመሩ ላይ ይጋጫሉ። አስቤ አይደለም፤ ዘጠኙ ዓመት ነው ከሆዴ የጮኸው።

«ሃይ! ማረፍ አይፈቀድም! ሁላችሁም ወደ ግራ! ራቁ!»

ልጆቹ ይቺን ድምፅ ያውቋታል፤ በረገጉ። አቧራው መጥቶ ማረፊያውን፣ ኖራውን፣ የገምጋሟን ወረቀት ሁሉ ይዞ አለፈ። ሲገለጥ አራቱ ካዴቶች በግራ በኩል እየዞሩ ነበር። ነፋሱ ስለተገለበጠ ከሌላኛው ጫፍ አመጣኋቸውና አንድ በአንድ አሳረፍኳቸው። የመጨረሻው ልጅ «ማማ፣ ነዳጅ የለኝም፣ ውኃ ጠማኝ» እያለ ነው የወደቀው። አቶ ካሳሁን አጨበጨቡ፤ ወዲያው ደግሞ አሠልጣኝ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ወረቀቱ ተለቃቅሞ፣ ጽሑፉ ታርሞ፣ ወይዘሮ ትዕግሥት ጠሩኝ። «ውጤትሽ ያሳልፍሻል» አሉኝ። ልዘል ስል እጃቸውን አነሡ። ማኅደሬን ከፍተው ፎርሙን አወጡ። «እዚህ ላይ የማማ ልምድ ዘጠኝ ዓመት ይላል። ይሄ ስሕተት ነው። ሰርዢና ዜሮ ብለሽ ፈርሚ። ያለዚያ ፋይሉን ወደ ላይ አላሳልፍም።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ሰረዝ፣ አንድ ዜሮ። አቶ ካሳሁን ከጎኔ ሆነው እግሬን ረገጡኝ። ግን ያን ሰዓት አባቴ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ያ ዜሮ ከሆነ እሱ አሁን የሚሠራው ምንድን ነው? እኔስ እዚያ ላይ ያለቀው ዕድሜዬ ምን ነበር? እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ዜሮ አልጽፍም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ወፍ ብለው ይጻፉበት፣ ድንጋይ ብለው ይጻፉበት፣ ግድ የለኝም። ዜሮ ግን አይደለም። ካላመኑኝ መንገድዎ ላይ ነው፤ ይምጡና ይዩት።»

አቶ ካሳሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይዘሮ ትዕግሥት ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ግቢ መኪናው ውስጥ» አሉ። ሊያባርሩኝ ይሁን ሊያዩ አልገባኝም፤ ገባሁ። አቶ ካሳሁንም ሳይጠሩ ገቡ።

ማሳችን ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ወፉ የሚበረታበት ሰዓት ነው። አባቴ ማማው ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ትዕግሥት በከተማ ጫማቸው አገዳ እየጣሱ ሥሩ ድረስ ሄዱና «አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ» አሉ።

«ዝም በሉ፣ መጣ!» አለ አባቴ ሳያያቸው። «ጎንበስ!»

ጎንበስ አሉ። ግሪሳው ከዞብል በኩል ጠቁሮ መጣ። አባቴ በዚያ በማይነሣ ክንዱ ወነጨፈ፤ ድንጋዩ ለአንድ ጊዜ ከጀሪካን ተርፎ በትክክል መካከሉን ከፈለው። መንጋው ተሰንጥቆ ዞረና እንደ ልማዱ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄደ። ወዲያ ማዶ የጋሽ እንድሪስ እርግማን ተሰማ። አባቴ ትከሻውን ይዞ ቁጭ አለ።

ወይዘሮ ትዕግሥት ጫማቸውን አውልቀው መሰላሉን ወጡ። ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ከዚያ ከፍታ ማሳውን፣ ተራራውን፣ ሰማዩን አዩ። ሁለት መንጋ እስኪያልፍ ድረስ ቆዩ፤ ሁለተኛውን ከአባቴ ቀድመው አይተው «በዚያ በኩል!» ብለው ጮኹ። ሲወርዱ ፎርሙን መኪናው ላይ አስደግፈው ከዘጠኙ ዓመት ጎን «የሰብል ጥበቃ ማማ፤ በዓይኔ አረጋግጫለሁ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። አቶ ካሳሁን ማዕረጉን ክንዴ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ባወረደው ማሠሪያ ላይ አሠሩልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ጨርሻለሁ» አሉ፤ ግን አልጨረሱም፣ አቅፈው ሳሙኝ።

ወይዘሮ ትዕግሥት መኪና ውስጥ ሲገቡ ለአባቴ «አይዞዎት አባቴ፣ አንደኛ ደረጃ አንድ ዓመት ብቻ ነው» አሉት።

አንድ ዓመት። እኔ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ለአባቴ የነገርኩት ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ስሸሸው ኖሬያለሁ። መኪናው ሄደ። ማዕረጌን ይዤ ማማው ሥር ቆምኩ፤ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። የተበላው ጥግ ከፊታችን ነው። አንድ ዓመት ማለት የሚመጣው መኸርም ማለት ነው።

«አባዬ፣ አልነገርኩህም» አልኩ። «ይቅር በለኝ። ከፈለግህ እተወዋለሁ።»

አባቴ እግሩን ቀስ እያለ በመሰላሉ አወረደ፣ በየእርከኑ እያቃሰተ፣ እኔ ሥሩ ሆኜ እየያዝኩት። መሬት ሲደርስ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ማማውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ለከርሞ ዝቅ አድርገን እንሠራዋለን» አለ። «ይሄ መሰላል ለኔ በዛ።»